በረዶውን ወደ አማርኛ ክፍል እናስገባው

በሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ለወላጆችና ቅዳሜ አማርኛ ለሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞች የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። የውጭውን ብርድ ተቋቁማችሁ፣ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እንድናገር የተጠየቅሁት በብርዱ ወራት፣ ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ምን ብናሠራቸው ይጠቅማቸዋል በሚለው ላይ ነው። በሥራ ቀናት በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ከእናንተ ጋር አማርኛ አስተምራለሁ። ስለዚህ ብርዱ ሲገባ በሁለቱም ዓይነት ክፍል ምን እንደሚሠራ በቅርብ አያለሁ።

በሁለቱም ቦታ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በሥራ ቀን ትምህርት ቤቶች ዲሴምበር ሲገባ ለልጆቹ በብዛት የሚሰጣቸው ጥጥ በሰማያዊ ወረቀት ላይ መለጠፍና ታትሞ የመጣ የበረዶ ሰው ቀለም መቀባት ነው። ከመስኮቱ ማዶ እውነተኛው በረዶ እየወረደ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጥጥ ይለጥፋል። መቀስና ሙጫ መያዝ እጅን ያፍታታል፣ አልቃወመውም። ነገር ግን ልጁ ሥራውን ጨርሶ ሲነሣ ስለ በረዶ ከትናንቱ የበለጠ የሚያውቀው ነገር የለም። በእኛ የቅዳሜ ክፍል ደግሞ ፊደል እናስቆጥራለን፣ ገናን እናከብራለን፣ ጥምቀትን እናስተምራለን፣ ከዚያም ወደ ፊደል እንመለሳለን። ልጆቻችን ለአራት ወራት ያህል ቀን ከሌት አብሯቸው ስላለው በረዶ በአማርኛ የሚጠይቃቸው ሰው የለም።

ውጤቱን ሁላችንም በየቤታችን እናየዋለን። ልጁ ስለ ዶሮ ወጥ፣ ስለ ሰላምታ፣ ስለ በዓል ሲሆን አማርኛው ይፈስለታል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ያየውን ሊነግረን ሲጀምር ግን ሁለት ቃል ብሎ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በአማርኛ አስቦት ስለማያውቅ ነው። ያልተጠየቀውን ከየት ያመጣዋል? እንግዲህ የዛሬው ሐሳቤ ይኸው ነው። በረዶውን፣ ብርዱንና አጭሩን ቀን የአማርኛ ትምህርት እናድርጋቸው። ልጁ የሚነካውንና የሚለካውን ነገር በአማርኛ ይናገርበት፣ ይጻፍበት፣ ይከራከርበት። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። በክፍላችን የክርስቲያን ልጆችም የሙስሊም ልጆችም አሉ። በዓሉ ለአንዱ የራሱ፣ ለሌላው የጎረቤቱ ነው፤ በረዶው ግን በሁሉም ደጅ እኩል ይወርዳል።

ከበረዶው ራሱ ልጀምር፤ ከሁሉም ይልቅ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ብንሰጥ ደስ ይለኛል። የሚያስፈልገው ቁሳቁስ ጥቁር ጨርቅ፣ ጠንካራ ካርቶንና አጉሊ መነጽር ብቻ ነው። ጨርቁን በካርቶኑ ላይ ወጥራችሁ በዋዜማው በረንዳ ላይ አሳድሩት። ይህን ደረጃ አትዝለሉት፤ ሞቅ ያለ ጨርቅ ላይ ያረፈ ቅንጣት ገና ሳይታይ ውኃ ይሆናል። በረዶው በቀስታ በሚወርድበት ሰዓት ልጆቹን አውጥታችሁ እያንዳንዱ የራሱን ካርቶን ዘርግቶ ጥቂት ቅንጣት ይቀበል። ሲያጎነብሱ አፍና አፍንጫቸውን በሻርፕ ይሸፍኑ። ያለበለዚያ ትንፋሻቸው ሊያዩት የጓጉትን ነገር ያቀልጥባቸዋል።

ከዚያ በኋላ መምህሩ ዝም ይበል። ይህን የምለው ከልምድ ነው፤ እኛ ቀድመን ስንናገር ልጆቹ ማየት ያቆማሉ። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ለረጅም ጊዜ አቀርቅራ ቆይታ «ኮከብ ነው፤ ግን ኮከቡ ላባ አለው» አለች። ሌላው ልጅ «የእኔ ኮከብ አይደለም፤ መርፌ ነው» ብሎ ተከራከራት። ሁለቱም ልክ ነበሩ። የበረዶ ቅንጣት መልክ ደመናው ውስጥ ባለው ቅዝቃዜና እርጥበት ይወሰናል። ከዜሮ በታች አምስት ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ መርፌና ትንንሽ ምሰሶ የሚመስሉ ይበዛሉ፤ ከዜሮ በታች አሥራ አምስት አካባቢ ደግሞ ቅርንጫፍ ያላቸው ትላልቅ ኮከቦች ይሠራሉ። ስለዚህ ልጆቹ ያዩትን ከሣሉ በኋላ የዕለቱን ሙቀት ከሥዕሉ ሥር ይጻፉ። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ሥዕሎቹ ግድግዳው ላይ በሙቀታቸው ቅደም ተከተል ሲሰቀሉ የኮከብ ቀንና የመርፌ ቀን እንዳለ ራሳቸው ይደርሱበታል። በደመናው ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ ከመሬቱ እንደሚለይ ለትልልቆቹ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ መስመሩ አንዳንዴ የሚዛባው በዚህ ምክንያት ነው።

ክንዶቹን ያስቆጥሯቸው። ሳይሰበር የወረደው ኮከብ ስድስት ክንድ አለው። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 ስለዚሁ ጽፎ፣ ለምን አምስት ወይም ሰባት ሳይሆን ሁልጊዜ ስድስት እንደሚሆን አጥብቆ ጠይቆ ነበር። በዘመኑ ስለ ሞለኪውል የሚታወቅ ነገር ስላልነበረ መልሱን አላገኘም። እኛ ዛሬ የውኃ ሞለኪውሎች ሲረጉ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ይዘው እንደሚያያዙ እናውቃለን። ስድስት ልጆችን እጅ ለእጅ አያይዞ በክፍሉ መሀል ማቆም፣ ከዚያም ሌሎቹን በየጎናቸው ማስቀጠል ይህን ያለ ብዙ ንግግር ያስረዳል።

ወረቀት መቁረጥ የምትወዱ እዚህ ላይ አስገቡት። ግን አደራ፣ በትክክል ይቆረጥ። በየክፍሉ የሚሰቀሉት የወረቀት በረዶዎች አብዛኞቹ አራት ወይም ስምንት ክንድ አላቸው፤ ወረቀቱ በግማሽ በግማሽ ስለሚታጠፍ ነው። ክብ ወረቀት አንድ ጊዜ በግማሽ እጠፉ። የተገኘውን ግማሽ ክብ ደግሞ ሦስት እኩል ቦታ አድርጋችሁ፣ አንዱን ክፍል ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ እጠፉት። በመጨረሻ አንድ ጊዜ በግማሽ አጥፋችሁ ቁረጡ። ሲዘረጋ ስድስት ክንድ ይወጣል። ሦስት እኩል ቦታ ማጠፍ ለትንንሽ እጆች ያስቸግራል፤ ነገር ግን ክፍልፋይን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አላውቅም። «ሲሶ» የሚለውን ቃል ልጆቹ እጃቸው ላይ ያገኙታል።

ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ፤ በተለይ እናቶች ስሙኝ። ዊልሰን ቤንትሊ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1865 በቬርሞንት ግዛት ጄሪኮ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። እናቱ ቀድሞ መምህርት ነበሩና እስከ ዐሥራ አራት ዓመቱ ድረስ ያስተማሩት ቤት ውስጥ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ማይክሮስኮፕ የሰጡትም እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያ ያየውን በእርሳስ ለመሣል ሞከረ፤ ቅንጣቱ ሥዕሉ ሳያልቅ እየቀለጠ አስቸገረው። በኋላ ካሜራ ተገዝቶለት ከማይክሮስኮፑ ጋር አገጣጥሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1885፣ ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ፣ የበረዶ ቅንጣትን ፎቶግራፍ አነሣ። ዕድሜውን ሙሉ ገበሬ ሆኖ ኖሮ ከ5,000 በላይ የበረዶ ፎቶግራፎችን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1931 ዐረፈ። ታሪኩን ለልጆቹ በአማርኛ ስነግራቸው ከሁሉም አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ እናቱ ነው። «እናቱ የሳይንስ መምህርት ነበረች?» ይላሉ። ሳይንቲስት አልነበሩም። ልጃቸው የወደደውን አይተው መሣሪያውን ሰጡት።

ወደ ቀጣዩ ልለፍ። አንድ ብርጭቆ ማሰሮ በበረዶ ሙሉና ሳይቀልጥ መስታወቱ ላይ የውኃው ከፍታ እስከ የት እንደሚደርስ እያንዳንዱ ልጅ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግ። ብዙዎቹ ግማሹ ላይ ወይም ከዚያ በላይ ያደርጋሉ። በአማካይ አሥር እጅ በረዶ አንድ እጅ ውኃ ይወጣዋል፤ ደረቅና ለስላሳ ከሆነ ከዚያም ያነሰ፣ እርጥብ ከሆነ የበለጠ። የቀረው ምን ነበር ብላችሁ ጠይቁ፤ አየር ነው። በረዶ ቤቱን የሸፈነለት እንስሳ ለምን እንደማይበርደው በዚሁ ይገባቸዋል። ውኃውን በቡና ማጥሊያ ወረቀት ብታሳልፉት ደግሞ የሚቀረውን አቧራ ያዩታል። ከመንገድ ዳር የተነሣ በረዶ መብላት ለምን እንደማይገባ እኔ ከምመክረው ይልቅ ያ ወረቀት ይመክራቸዋል።

ቴርሞሜትር በክፍላችን ይኑር። በግድግዳው ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ ቀጥ ያለ መስመር ለጥፉና ዜሮን በልጆቹ ወገብ ልክ አድርጉት። ከዜሮ በላይ ያለው ቀይ፣ ከዜሮ በታች ያለው ሰማያዊ ይሁን። ልጁ የዕለቱን ሙቀት ሊያመለክት ሲንበረከክ ከዜሮ በታች የሚለው ነገር በሰውነቱ ይገባዋል፤ የመቀነስ ምልክት ያላቸውን ቁጥሮች እኩዮቹ ገና ሳይጀምሩ ይለምዳቸዋል። በዚህ ግዛት ከተመዘገበው ሁሉ የከፋው ብርድ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ታወር በምትባል ከተማ የደረሰው ሲሆን ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ፋራናይት፣ በሴንቲ ግሬድ 51 ያህል ነበር። ልጆቹ ያንን ቁጥር ለማመልከት ወለሉ አልበቃ ሲላቸው ይሥቃሉ። በዚያው መስመር ላይ የአዲስ አበባን የዕለቱን ሙቀት ምልክት አድርጉበት። እግረ መንገዳቸውንም ለአያቶቻቸው ስልክ ደውለው ስለ ውርጭ ይጠይቁ። ደጋ አገር ያደጉ አያቶች ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ ባቄላውን እንዴት እንደሚመታ፣ ገበሬው ማለዳ ተነሥቶ ማሳውን እንዴት እንደሚያይ የሚሉት አላቸው። «ኢትዮጵያ ውስጥ በረዶ አለ?» ለሚለው የዘወትር ጥያቄም መልሱን ከአያት መስማት ይሻላል። በዝናቡ ወራት ጣሪያ የሚደበድበውን በረዶ ሁሉም ያውቀዋል፤ የሰሜን ተራሮች ጫፍ አንዳንድ ጊዜ ነጭ ለብሶ እንደሚያድር ደግሞ ያየ ሰው ይነግራቸዋል።

የጨውን ነገር ባጭሩ ላንሣ። ግግር በረዶ ላይ ክር አስተኝታችሁ ጨው ነስንሱበት፤ ትንሽ ቆይታችሁ ክሩን ስታነሡ በረዶው ተያይዞ ይነሣል። ጨው ውኃ የሚረጋበትን ደረጃ ዝቅ ያደርገዋል፤ መንገዳችን ላይ የሚበተነውም ለዚሁ ነው። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲወርድ ግን የመንገዱ ጨው ብዙም አይሠራም። ልጆቹ ይህንን ከተረዱ በኋላ ደጃችሁ ላይ በአካፋ ሙሉ ጨው ስትበትኑ ዝም አይሏችሁም። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ያህል ውኃ ለዘለቄታው ሊበክል እንደሚችል የግዛቱ የብክለት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ያስተምራል፤ ጨው ሐይቅ ውስጥ ከገባ በኋላ በቀላሉ የሚያወጣው ነገር የለምና። በዚያው ሰዓት ስለ አሞሌ ጨው ብታወሩላቸው ትምህርቱ ይሞላል። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው የአፋር ምድር ተቆርጦ በግመል ወደ መቀሌ ይወጣ እንደነበር፣ ለረጅም ዘመንም ሰው እንደ ገንዘብ ይገበያይበት እንደነበር ሲሰሙ ከዜሮ በታች የሚለውን ቁጥር በሌላ መልኩ ያገኙታል።

እንስሳትን በተመለከተ የክፍሉን ሦስት ማዕዘን ተጠቀሙ። አንዱ የሚሄዱት፣ ሁለተኛው የሚተኙት፣ ሦስተኛው ተቋቁመው የሚቆዩት ይሁን። ልጆቹ የእንስሳ ስም ከከረጢት እያወጡ ወደ ማዕዘናቸው ይሂዱና ለምን እዚያ እንደቆሙ በአማርኛ ያስረዱ። ሞናርክ የሚባለው ብርቱካናማ ቢራቢሮ ከዚህ ተነሥቶ እስከ ሜክሲኮ ተራሮች ይበራል። ጥቁሩ ድብ ለወራት ሳይበላ ዋሻው ውስጥ ይቆያል። ቺካዲ የምትባለው ትንሽ ወፍ እዚሁ ቀርታ ሌሊት የሰውነቷን ሙቀት ዝቅ አድርጋ ጉልበቷን ትቆጥባለች፤ ብርዱ ሳይገባ የደበቀችውንም ፍሬ እያስታወሰች ትበላለች። ከሁሉም ልጆቹን የሚያስደንቃቸው የጫካ እንቁራሪት ነው። በቅጠል ሥር ሆኖ በሰውነቱ ውስጥ ካለው ውኃ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይረጋል፣ ልቡ ይቆማል፤ ሲሞቅ ደግሞ ልቡ መምታት ይጀምርና ዘልሎ ይሄዳል። የት እንደሚቆም ልጆቹ ሁልጊዜ ይጣላሉ፤ ይጣሉ፣ በአማርኛ እስከሆነ ድረስ።

ከሚሄዱት መካከል የእኛን አገር መዳረሻቸው ያደረጉም አሉ። ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ጣና ሐይቅ ዳርና ቢሾፍቱ አካባቢ ወራቱን ያሳልፋሉ። ይህን የነገርኩት አንድ ልጅ ትንሽ አሰበና «የእኔ አባት ተቃራኒውን ነው ያደረገው፤ ከሞቀው አገር ወደዚህ መጣ» አለኝ። ያ ሰዓት ወደ ሌላ ጥሩ ወሬ ወሰደን፤ ልጆቹ ወላጆቻቸው ለምን እንደመጡ፣ የመጀመሪያውን በረዶ የት እንዳዩ ጠይቀው እንዲጽፉ ሰጠኋቸው። እናንተም ስትጠየቁ በጥድፊያ አትመልሱ፣ እባካችሁ።

ወፍ መመገብም ይቻላል። ባዶ የወተት ካርቶን ጎኑን ቆርጣችሁ የሱፍ አበባ ፍሬ ሙሉበትና መስኮት አጠገብ ስቀሉት። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ጥናት ማዕከልና የኦዱቦን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመሩት ዓመታዊ የወፍ ቆጠራ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ ለአራት ቀናት ይካሄዳል። ማንኛውም ሰው ቢያንስ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ቆጥሮ ያየውን ማስመዝገብ ይችላል። የልጅ ቆጠራ ከእውነተኛ ጥናት ውስጥ ሲገባ ልጁ አቆጣጠሩን ያከብራል።

ገናን ተዉት አላልኩም። እንዲያውም ከበረዶው ጋር ይስማማል። የምንኖረው ሆኪ ከየትኛውም ጨዋታ በላይ በሚወደድበት ግዛት ነው፤ ልጆቻችን ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላና የሚመታ ነገር አዲስ አይሆንባቸውም። ሩሯንና የገናን ዱላ አሳዩአቸው። ሁለት ቡድን ሆነው በአዳራሹ ውስጥ ለስላሳ ኳስ እየመቱ ይጫወቱ፤ ከዚያ ሁለቱን ጨዋታዎች እያነጻጸሩ አንድ ገጽ ይጻፉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ሲሰሙ በሆኪ ሜዳ ከሚያዩት ጠብ ጋር ያስተያዩታል፤ በዚህ ላይ ያላቸው አስተያየት ብዙ ነው።

እንቆቅልሽ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ዝግጅት የሚጠይቅ፣ ከሁሉም የበለጠ አማርኛ የሚያስወጣ ሥራ ነው። የቆዩትን ብቻ አናስጠናቸው፤ ስለ ብርዱ የራሳቸውን ይፍጠሩ። አንዱ ተነሥቶ «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ክፍሉ በሙሉ «ምን አውቅልህ» ይላል። «ያለ እግር ይመጣል፣ ያለ ድምፅ ይተኛል፣ ፀሐይ ስታየው ያለቅሳል።» መልሱ በረዶ ነው። ይህን የሠራው አማርኛ ማንበብ ገና እየጀመረ ያለ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነው። ያላወቀው «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ አንዳንዶቹ ሚኒያፖሊስን ይሰጣሉ፤ እኔ እቀበላቸዋለሁ።

የልብስን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ውጭ የምናደርገው ሥራ ሁሉ የሚሳካው ልጁ ሳይበርደው ሲቀር ነው። የጥጥ ጓንት በረዶ ሲነካው ይርሳል፣ የራሰ ጓንት ደግሞ ጣትን ከባዶ እጅ ባልተናነሰ ያቀዘቅዛል፤ ውኃ የማያስገባ ጓንት ይሁንላቸው። በቅርቡ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ቡትስ ላይኖራቸው ይችላል፤ ይህን ደግሞ በሰው ፊት አይናገሩም። ስለዚህ የጠበባቸውን ቡትስና ጓንት እያመጣችሁ በክፍላችን ባለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። ማንም ሰው ሳይጠይቅ፣ ማንም ሰው ሳያመሰግን ከዚያ ይወሰድ። ብርዱ ሲበረታም ውጭ የምንቆየው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ ጣቱ ነጭ የሆነ ወይም የደነዘዘበት ልጅ ወዲያውኑ ይግባ።

አሁን የእናንተን እርዳታ ወደምጠይቅበት ሥራ ደርሻለሁ። ታኅሣሥ 12፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21 ቀን፣ በሰሜኑ የምድር ክፍል የዓመቱ አጭር ቀን ነው። በሴንት ፖል ፀሐይ የምትቆየው ስምንት ሰዓት ከሦስት ሩብ ያህል ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ትቆያለች። ልጆቹ ይህንን በቃል ከሚሸመድዱት በጥላ እንዲለኩት እፈልጋለሁ።

አሠራሩ ይህ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዱላ በተስተካከለ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለዚህም ከክር ጫፍ ላይ የታሰረ ጠጠር አጠገቡ ይንጠለጠል። ፀሐይ ከፍ ስትል፣ እዚህ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከዐሥር አካባቢ፣ በየአምስት ደቂቃው የጥላው ጫፍ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ከምልክቶቹ ሁሉ አጭሩ ይለካል። በሴንት ፖል ያ ጥላ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። በአዲስ አበባ በዚያው ዕለት ስድስት ሰዓት ከሃያ ገደማ የሚለካው 64 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ቀትር ሲሆን እዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ ልጆቹ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ የአክስታቸው ፎቶግራፍ ስልኩ ላይ ደርሶ ያገኙታል። ሁለቱን ርዝመቶች በሪባን ቆርጠው ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሲሰቅሏቸው ምድር ክብ መሆኗን፣ ፀሐይም በእያንዳንዱ አገር በተለያየ ከፍታ እንደምትታይ የሚያሳይ ማስረጃ በእጃቸው ይኖራል።

ከአዲስ አበባና ከሴንት ፖል ብቻ አንቅር። የእኛ ሰው ያልደረሰበት የለም። ጎንደር ያለ ዘመድ 73 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያገኛል። ዱባይ ያለችው እኅታችሁ ከአንድ ሜትር ትንሽ አለፍ ያለ፣ ኢየሩሳሌም ያለው የአጎታችሁ ልጅ አንድ ሜትር ከ44 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለካሉ። ስቶክሆልም ያለ ሰው ደመናው ከፈቀደለት ጥላው ስምንት ሜትር ሊጠጋ ስለሚችል ሰፊ ሜዳ ይፈልግ። ልኬቱ ትንሽ ቢዛባ አትጨነቁ፤ ልጆቹ ለምን እንደተዛባ ሲከራከሩ ዱላው ዘሞ ነበር፣ መሬቱ ተዳፋት ነበር እያሉ ራሳቸው ይደርሱበታል። ጁን ላይ ደግሞ እንደግመዋለን። ያን ጊዜ ፀሐይ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ስለምትሆን የአክስትየዋ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ እዚህ ሚኒሶታ ግን የቀትር ጥላ ምንጊዜም ወደ ሰሜን ነው። ለምን እንደተለያየ ልጆቹ ከዲሴምበሩ ሪባን ተነሥተው እንዲገምቱ አስቀድሜ አልነግራቸውም፤ እናንተም እንዳትነግሯቸው እለምናችኋለሁ።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አለ። ዱላ አቁሞ የሚለካ ዘመድ ያላችሁ የከተማውን ስምና የልጃችሁን ክፍል ጻፉበት፤ ስልክ ቁጥሩን እናንተው ዘንድ አቆዩት። የአሠራሩን መመሪያ በአማርኛ አዘጋጅቼ አባዝቼዋለሁ፤ ስትወጡ አንድ አንድ ይዛችሁ ሂዱ። ልጆቹ ዘመዳቸውን በድምፃቸው እንዲጠይቁ፣ አሠራሩንም ራሳቸው በአማርኛ እንዲያስረዱ አድርጉ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።